ዙሙ የረዘመ ካሜራ ወይስ ሌንሱ የሚቀያየር? ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ገንዘቡን አጠራቅሞ ወደ ካሜራ መደብር የሚያመራ ሰው ከዓመታት በፊት ቀድሞ የሚጠይቀው የካሜራው ሜጋ ፒክሰል ስንት እንደሆነ ነበር። ዛሬ ይህ ጥያቄ ክብደቱ ቀንሷል። የእጅ ስልክ የዕለት ተዕለቱን ፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ ከተረከበ ወዲህ ካሜራ ለብቻው የሚገዛ ሰው ስልኩ የማይችለውን ፈልጎ ነው። ያም በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሩቅ ያለውን አቅርቦ ማንሣት፣ አለዚያም ብርሃን በሌለበት ስፍራ ጥራት ያለው ምስል ማግኘት።

ለእነዚህ ፍላጎቶች ገበያው የሚያቀርባቸው ካሜራዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሌንሱ ከአካሉ ጋር ተገጥሞ የማይነቀል፣ ግን ከሰፊ እይታ አንሥቶ እስከ እጅግ ሩቅ ድረስ የሚዘረጋ ሲሆን በተለምዶ «ሱፐርዙም» ይባላል። ሁለተኛው አካሉና ሌንሱ ለየብቻ የሚሸጡ፣ ለየሥራው ተስማሚ ሌንስ እየተነቀለ የሚተከልበት ነው። የቀድሞዎቹ ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራዎችም ሆኑ በቅርብ ዓመታት የተተኳቸው መስታወት አልባዎቹ በዚህ በሁለተኛው ወገን ይመደባሉ።

ምርጫው ለባለጸጋ ብዙ አያስጨንቅ ይሆናል። ለአንድ አስጎብኚ፣ ሥራ ለሚጀምር የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም ለአንድ የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ግን የካሜራ ግዢ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው። የተገዛው ዕቃ ለታሰበው ሥራ ካልሆነ የሚባክነው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ የሚመለስበት ቅጽበት፣ ሙሽሮቹ ቀለበት የሚያስሩበት ደቂቃ ወይም ቀይ ቀበሮ ከጉድጓዱ ብቅ የሚልበት አፍታ አንዴ ካመለጠ ድጋሚ አይነሣም።

የካሜራ ገበያው ራሱ ጠቧል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዓለም ገበያ የተላኩት ዲጂታል ካሜራዎች 121 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ሆኗል። ስልክ ያጠፋው በዋናነት ትንንሾቹንና ርካሾቹን ነው። ሱፐርዙሞቹ ስልክ በማይደርስበት ርቀት ስለሚሠሩ ከሞት ተርፈዋል፤ ይሁን እንጂ አምራቾች አዳዲስ ሞዴል የሚያወጡላቸው በዝግታ ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ኩልፒክስ ፒ1000 የተካው ከሰባት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲሆን፣ ተተኪው ፒ1100 ከቀዳሚው የሚለየው እንደ ቻርጀር መሰኪያው ባሉ ጥቂት ነገሮች ነው። በዚህ መስክ ጥቂት ዓመት የቆየ ሞዴል መግዛት ብዙ የሚያስቀር ነገር የለም።

በካሜራው ካርቶን ላይ በጉልህ የሚጻፈው «30 ኤክስ»፣ «60 ኤክስ» ወይም «83 ኤክስ» የሚል ቁጥር ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ቁጥሩ ካሜራው ሩቁን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ የሚገልጽ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርቀት ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘውን ውጤት ብቻ ነው። ለአብነት ያህል ከ24 እስከ 480 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሌንስ 20 ኤክስ ይባላል። በዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ የታወቀው ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ ደግሞ 3 ኤክስ ብቻ ነው። ሆኖም ሩቁን በማቅረብ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሻጭን መጠየቅ የሚበጀው ረጅሙ ጫፍ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነና አጭሩ ጫፍስ ከስንት እንደሚጀምር ነው። አጭሩ ጫፍ ችላ ሊባል አይገባም፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ መላውን ቤተሰብ በአንድ ፎቶግራፍ ለማስገባት ከ28 ይልቅ 24 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ይረዳል።

«ዲጂታል ዙም» የሚባለው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እርሱ የተነሣውን ምስል ዳር ዳሩን ቆርጦ መሐሉን ከማሳደግ በቀር የሚጨምረው ዝርዝር የለም። በማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ ቢታይ ከሂሳብ ባይገባ ይሻላል።

የሁለቱ ካሜራዎች ዋና ልዩነት ያለው ዓይን በማያየው ክፍል፣ በሴንሰሩ ላይ ነው። ሴንሰር ቀድሞ ፊልም ይሠራ የነበረውን ሥራ የሚሠራ፣ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ነው። በአብዛኞቹ ሱፐርዙሞች ውስጥ ያለው ሴንሰር ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሌንሳቸው በሚቀያየር መካከለኛ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን በስፋት 13 እጥፍ ያህል ይበልጣል። «ፉል ፍሬም» በሚባሉት ውስጥ ያለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ደግሞ የትንሹን 30 እጥፍ ያህላል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ደጅ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሲኒና ሳፋን ማሰብ ይበቃል። ዝናቡ አንድ ነው፤ በአንድ ደቂቃ የሚጠራቀመው ውኃ ግን እንደ ዕቃው አፍ ስፋት ይለያያል። ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን ሲኒውም ይሞላልና ልዩነቱ አያሳስብም። ካፊያ ሲሆን ግን ሲኒው ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ጠብታ ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው። በጠራ ፀሐይ በሁለቱ ካሜራዎች የተነሣ ፎቶግራፍ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ለመለየት ሊያዳግት ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ትንሹ ሴንሰር ያገኛትን ጥቂት ብርሃን ለማጉላት ስለሚገደድ ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የተበተኑ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የፊት ቆዳና የልብስ ጥልፍም ይደበዝዛል።

አንባቢ ታዲያ አምራቾቹ በሱፐርዙሙ ውስጥ ትልቅ ሴንሰር ለምን አያደርጉም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በቀላል ሂሳብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ያነሣል ይባልለታል። ይህ አኃዝ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መለኪያ የተሰላ ንጽጽር እንጂ የሌንሱ እውነተኛ ርዝመት አይደለም። እውነተኛው ርዝመት ከ4.3 እስከ 357 ሚሊ ሜትር ነው። በረጅሙ ጫፍ ላይ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 6.5 ሲሆን፣ 357 ለ6.5 ሲካፈል የመግቢያው ስፋት 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። ይህንኑ እይታ በዚሁ ኤፍ ቁጥር በፉል ፍሬም ሴንሰር ላይ ለማግኘት ርዝመቱ 2000 ሚሊ ሜትር፣ የፊት መስታወቱም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ወርድ ግማሽ ያህል ነው። ካሜራው 900 ግራም ሆኖ በአንገት ሊንጠለጠል የቻለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ርቀቱ የተገዛው በብርሃን ዋጋ ነው።

ርቀቱም ቢሆን ገደብ አለው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በተፈጥሮው ስለሚበተን አንዲት ነጥብ በሴንሰሩ ላይ ነጥብ ሆና አታርፍም፤ ትንሽ ክብ ትሆናለች። እስከ 3000 ሚሊ ሜትር በሚደርሰው ፒ1000 ረጅሙ ጫፍ ላይ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 8 ነው። በዚያ ላይ የምትፈጠረው ክብ ስምንት ፒክሰል ያህል ወርድ ትይዛለች። ፒክሰሎቹ 16 ሚሊዮን ቢሆኑም በዚያ ጫፍ የሚገኘው እውነተኛ ዝርዝር ከቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው። በቆላ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር በቀትር ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ስለሚርገበገብ ሩቅ ያለች ወፍ የቱንም ያህል ውድ በሆነ ሌንስ ብትነሣ ውኃ ውስጥ እንዳለች ሆና ትታያለች። ለዚህ መድኃኒቱ ማለዳ መነሣት ነው።

ሱፐርዙሙ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ቦታም አለ። ጨረቃ የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ብሩህ አካል ስለሆነች ትንሹን ሴንሰር አታስቸግረውም። በ2000 ሚሊ ሜትር የፎቶግራፉን ቁመት ሦስት አራተኛ ያህል ትሞላለች፤ በ3000 ደግሞ ከፎቶግራፉ ቁመት ትበልጣለች። ፒ900 ስሙ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በእነዚህ የጨረቃ ፎቶግራፎች ነው። ወፎችን በየዓይነታቸው ለይተው ለሚመዘግቡ ሰዎችም ይህ ካሜራ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በሚገኙባት ኢትዮጵያ አንዲት ወፍ ምን ዓይነት እንደሆነች በማስረጃ ለማስቀመጥ የሚፈለገው የአንገቷ ቀለምና የምንቃሯ ቅርጽ በግልጽ መታየቱ ነው። ፎቶግራፉ ለግድግዳ ጌጥ ባይበቃም ለማስረጃ በቂ ነው።

የዱር እንስሳት ሲባል ሁሉም ረጅም ሌንስ ይፈልጋል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ሲበሉ ሰው ጥቂት ሜትሮች ያህል ቢቀርባቸው ብዙም አይደነግጡም። እነርሱን ለማንሣት ስልክም እንኳ ሊበቃ ይችላል። በዚያው ፓርክ ዋልያ የሚታየው ደግሞ በአብዛኛው በገደል አፋፍ ላይ፣ ከሩቅ ነው። በባሌ ተራሮች ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት የሚቻል ቢሆንም አይጥ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ያለ ረጅም ሌንስ በፎቶግራፉ ላይ ከነጥብ አይበልጥም። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች በመሆናቸውም ለፎቶግራፍ ሲባል ወደ እንስሳው መጠጋት የሚመከር አይደለም። በዚህ ጊዜ ረጅም ዙም የጥራት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንስሳውን ላለማወክም ይጠቅማል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ሚዛኑ እንደገና ይለወጣል። በ2000 ሚሊ ሜትር ካሜራው የሚያየው አንድ ዲግሪ ገደማ የሆነ ጠባብ ቀዳዳ ነው። የሚበርን ጥንብ አንሣ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሙያ ይጠይቃል፤ ከተገኘም በኋላ የአብዛኞቹ ሱፐርዙሞች የትኩረት ማስተካከያ ዝግ ያለ ስለሆነ እስኪስተካከል ወፉ ያልፋል። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያው የአንሺውን እጅ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አር ኤክስ 10 ማርክ 4 በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ከ24 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሆኖ ሴንሰሩ ከተለመደው የሱፐርዙም ሴንሰር አራት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ፈጣንም ነው። ነገር ግን በወጣበት ጊዜ ዋጋው 1 ሺህ 700 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር መግዛት ይቻል ነበር።

ወደ ጨለማው ሲመለሱ ሌንሱ የሚቀያየረው ካሜራ ጥቅሙ ይጎላል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው። በጥንታውያን የግድግዳ ሥዕሎች ፊት ብልጭታ መጠቀም በብዙ ቦታ የተከለከለ ሲሆን ባይከለከልም የሚደገፍ አይደለም። በከተራ ምሽት በድንኳኑ ዙሪያ ያለው ብርሃን ጧፍና ጥቂት አምፖል ነው። በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ የሚካሄደው ሥርዓትም የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚፈለገው አፉ ሰፊ የሆነ ሌንስ ነው።

ይሁንና ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ገዝተው አብሮት በካርቶን የመጣውን ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ብቻ ተክለው ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀሙበታል። ይህ ሌንስ 3 ኤክስ ያህል ነው፤ ረጅሙ ጫፉ በፊልም መለኪያ ከ80 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በሳንቃበር ገደል ላይ ቆሞ በዚህ ሌንስ ዋልያ ለማንሣት የሞከረ ሰው የሚያገኘው የገደሉን ፎቶግራፍ ነው። በረጅሙ ጫፍ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 5.6 በመሆኑ ለጨለማም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። ካሜራው ግን ተቀያያሪ የተባለው በምክንያት ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 በ125 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ለገበያ ያቀረበው የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከላይ ከተጠቀሰው የ5.6 መግቢያ ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ዙም የለውም፤ አንሺው በእግሩ መቅረብና መራቅ አለበት። ነገር ግን በምሽት ሠርግና በቤተ መቅደስ ውስጥ ይህች ርካሽና ቀላል ሌንስ ከብዙ ውድ ሱፐርዙሞች የተሻለ ታነሣለች።

ስለዚህ ገዢ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ሁለተኛ ሌንስ የመግዛት እውነተኛ አሳብና አቅም አለው ወይ ብሎ ነው። አንድ አካልና አንድ የካርቶን ሌንስ ይዞ ለዘለቄታው መቆየት ከሱፐርዙሙ ርቀቱን፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ዋናውን ጥቅም ማጣት ነው። ሁለተኛ ሌንስ እንደማይገዛ የሚያውቅ ሰው ሱፐርዙም ቢመርጥ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። የ50 ሚሊ ሜትሩን ለመጨመር የሚችል ግን ጥቂት ታግሦ ሁለተኛውን መንገድ ቢከተል ይሻለዋል።

ርቀትን በሁለተኛው መንገድ ማግኘት ከባድ ሸክም ነው፤ ቃሉ እንደሚለው በኪሎ የሚመዘን። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻውን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ካሜራውና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ሲጨመሩበት በሰሜን ተራሮች አቀበት በበቅሎ ካልተጫነ ያደክማል። መካከለኛ መንገድ የፈለጉ ወገኖች ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉትን «ማይክሮ ፎር ሰርድስ» የተባለ ሥርዓት ይመርጣሉ። ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሌንሶቹም ያንሳሉ። የፓናሶኒክ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልም መለኪያ ከ200 እስከ 600 የሚያህል እይታ እየሰጠ ክብደቱ ግን 520 ግራም ገደማ ነው።

ለኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች የቪዲዮ ጉዳይም አብሮ ይነሣል። ሱፐርዙም በሞተር ስለሚንቀሳቀስ ከአዳራሽ ኋላ ቆሞ ተናጋሪውን ቀስ አድርጎ ማቅረብ ያስችላል፤ በሌላው ወገን ያሉ ሌንሶች አብዛኞቹ በእጅ የሚዞሩ በመሆናቸው እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ለቃለ ምልልስ ግን ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ይበልጣል። ፒ900 የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካው ፒ950 እና ፒ1000 ግን አላቸው። ይህን ሳያረጋግጥ የገዛ ጽሕፈት ቤት በየመስክ ጉብኝቱ የነፋስ ድምፅ ሲቀዳ ይኖራል። በዚህ ላይ ብዙ ካሜራዎች ያለማቋረጥ ከ29 ደቂቃ በላይ ስለማይቀዱ ረጅም ስብሰባ የሚቀዳ ሰው በየመሐሉ ቁልፉን መጫን እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ለቀናት የሚጓዝ ሰው ደግሞ የባትሪውን ነገር አስቀድሞ ያስባል። በአምራቾቹ መለኪያ መሠረት ፒ900 በአንድ ባትሪ 360፣ ፒ1000 ደግሞ 250 ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ባለ መስታወቱ ኒኮን ዲ3500 ግን 1 ሺህ 550 ያነሣል፤ አንሺው የሚያየው በመስታወት በኩል እንጂ በኤሌክትሮኒክ ስክሪን ስላልሆነ ነው። መስታወት አልባዎቹ በዚህ ረገድ ከሱፐርዙሙ ብዙም አይሻሉም። በደጋ ሌሊት ቅዝቃዜው የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ባትሪውን ከልብሳቸው ውስጥ አድርገው ያድራሉ።

አቧራን በተመለከተ የተለመደው አስተያየት ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ ከአቧራ የተጠበቀ ነው የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በበጋ በአቧራማ መንገድ ዳር ሌንስ የሚቀይር ሰው ሴንሰሩን ለአቧራ እንደሚያጋልጥ ጥርጥር የለውም፤ ካሜራውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ነፋስን በጀርባ ከልሎ በፍጥነት መቀየር ይኖርበታል። ሱፐርዙሙ በበኩሉ ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር አየርን ከነአቧራው ይስባል። አቧራው ውስጥ ከገባ በኋላ ባለቤቱ ከፍቶ ሊያጸዳው አይችልም። አሸዋ የሌንሱን መዘውር ከያዘውም የሚበላሸው መላው ካሜራ ነው። በሌላኛው ወገን ግን አንድ ሌንስ ቢበላሽ ካሜራው ይተርፋል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣውን ወይም ያገለገለ ካሜራ መግዛት በሀገር ውስጥ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአዲስ ዕቃ ዋጋ በብር ሲሰላ ይበልጥ ከብዷል። ካኖንና ኒኮን ትኩረታቸውን ወደ መስታወት አልባዎቹ በማዞራቸው ባለ መስታወት ካሜራዎችና ሌንሶቻቸው በብዛት ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ሌንስና አካል ሁልጊዜ አይገጥሙም። ለመስታወት አልባ የተሠራ ሌንስ ባለ መስታወቱ ላይ አይሠራም። የቀድሞዎቹ ባለ መስታወት ሌንሶች በአዲሱ አካል ላይ የሚሠሩት በማገናኛ ቀለበት ነው። ውስጣቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ የኒኮን ሌንሶች እንደ ዲ3500 ባሉ አነስተኛ አካላት ላይ ቢገጥሙም ትኩረታቸውን በራሳቸው አያስተካክሉም። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ «ሌንስ ልላክልህ» ሲል የካሜራውን ሙሉ የሞዴል ስም በጽሑፍ መላክ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ያገለገለ ካሜራ በእጅ ሲገባ ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳን የብርሃን መግቢያውን አጥብቦ ማንሣትና ምስሉን አጉልቶ መመልከት ተገቢ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። የሚነቀል ሌንስ ከሆነ ከኋላው በስልክ መብራት እያበሩ ከፊት ለፊት ማየት ውስጡ ሻጋታ መኖሩን ያሳያል፤ ሻጋታው የሸረሪት ድር የመሰለ ክር አለው። ሱፐርዙምን ከኋላው ማብራት ስለማይቻል ሌላ ፈተና ያስፈልገዋል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማንቀሳቀስና ሞተሩ የሚያሰማውን ድምፅ ማዳመጥ፣ ቀጥሎም በረጅሙ ጫፍ ሩቅ ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንሥቶ ፊደሎቹ በአራቱም ማዕዘን እኩል ጥርት ብለው መነበባቸውን ማየት ነው። በአንዱ ወገን ጠርቶ በሌላው ከደበዘዘ ካሜራው ከዚህ በፊት ወድቆ ሊሆን ይችላል።